«አሳገድኩ» ማለት «ውሌ ታደሰ» ማለት አይደለም

አያት አካባቢ ሱቅ የተከራየ ወጣት ነገሩን ያውቀዋል። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር አንዷን ክፍል ለሁለት ዓመት ይዋዋላል፤ ቀለም ይቀባል፣ መደርደሪያ ያሠራል፣ ደንበኛ ያለምዳል። ገበያው ሞቅ ሲል ውሉ ያልቃል። አከራዩም «ወይ ጨምር፣ ወይ ልቀቅ» ይላል። ያኔ የጓደኛ ምክር አንድ ነው፦ «ፍርድ ቤት ሂድና አሳግድ!»

ችግሩ፣ እግድ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ እንደሚያስቀምጠው፣ እግድ ክርክሩ እስኪያልቅ ነገሮች ባሉበት እንዲቆዩ የሚሰጥ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ነው። በአንቀጽ 158 መሠረትም ሊለወጥ ወይም ሊነሣ ይችላል። ፋታ ይሰጣል እንጂ ያለቀ ውል አያድስም። ኪራዩም መቁጠሩን አያቆምም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ውል የሁለት ወገን ስምምነት ነው፤ አከራዩ ካልፈለገ ዳኛ በእሱ ቦታ አይፈርምም። «አዲሱ የኪራይ አዋጅስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል የሚያስገድደው ለመኖሪያ ቤት ነው፤ ሱቅን አይመለከትም።

ታዲያ ተከራይ ባዶ እጁን ነው? አይደለም። አከራዩ ውሉ ካለቀ በኋላም ሳይቃወም ኪራይ እየተቀበለ ከቀጠለ፣ ሕጉ ውሉን ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ በቴሌብር ወይም በባንክ የከፈላችሁበትን ደረሰኝና የተጻጻፋችሁትን መልእክት አታጥፉ። ግን እንዲህ ያለው ውል በማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ ስለሚችል ብዙ አትተማመኑበት።

ደግሞም አከራይ ውሉ አለቀ ብሎ በገዛ እጁ ቁልፍ መቀየር ወይም ዕቃ አውጥቶ መጣል የለበትም፤ ማስለቀቅ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ይዞታው በኃይል የተነካበት ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ይችላል።

ዋናው መድኃኒት ግን ያለው ከመፈረም በፊት ነው። ብዙ ውል ላይ «በስምምነት ሊታደስ ይችላል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ተከራዩን ብዙም አይጠብቀውም፤ አከራዩ «አልስማማም» ካለ አለቀ። «ተከራዩ ከሦስት ወር በፊት በጽሑፍ ካሳወቀ፣ ውሉ ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ይታደሳል፤ ጭማሪውም ከዚህ መቶኛ አይበልጥም» የሚለው ግን ግዴታ ነው። ለመደርደሪያውና ለቀለሙ ያወጣችሁትን ማን እንደሚችለውም አብራችሁ አስጽፉ።

ውሉ ካለቀ በኋላ ለእግድ ከምትሯሯጡ፣ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ያቺን አንዲት መስመር አንብቡ።