ያውቁ ኖሯል? ድባቴ፣ ምስርና የሊቲየም ኪኒን

በአውስትራሊያ የተካሄደና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከመካከለኛ እስከ ከባድ ድባቴ የነበረባቸውን 67 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ለ12 ሳምንታት ተከታትሏል። ግማሾቹ በሥነ ምግብ ባለሙያ እየታገዙ አመጋገባቸውን ቀየሩ፤ የቀሩት ስለ ስፖርትና ስለ ዜና ከሚያወጋቸው ሰው ጋር ተገናኙ። በመጨረሻ ከአመጋገብ ቡድኑ 32 በመቶ፣ ከጨዋታው ቡድን 8 በመቶ ከድባቴው አገግመዋል።

ምግቡ ብርቅ አልነበረም፦ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣ፣ የወይራ ዘይት። ምስርና ጎመን ለማይጠፋበት ቤት ግማሹ መንገድ ተሄዷል ማለት ነው። የሚከብደው ለስላሳውንና ጣፋጩን መቀነሱ ነው።

ጥናቱ ግን ትንሽ ነው። ተሳታፊዎቹም የየትኛው ቡድን አባል እንደሆኑ ያውቁ ነበር፤ አብዛኞቹ መድኃኒት ወይም የንግግር ሕክምና ላይ ነበሩ። ምግቡ የተጨመረው በሕክምናው ላይ እንጂ በሕክምናው ፋንታ አይደለም።

በተለይ ለባይፖላር ሕመም የሊቲየም ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች አመጋገባቸውን ሲቀይሩ ይጠንቀቁ። ጨው በድንገት ሲቀንስ ወይም ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ኩላሊት ሊቲየሙን ይዞ ያስቀረዋል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሊመርዝ እስከሚችል ድረስ ይጨምራል። ቡና ለለመደ ሰው (ማን ያልለመደ አለ?) ቡናውን በአንድ ጊዜ መተውም መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። ያለ ውኃ የሚዋልበት ጾም ከመያዙ በፊት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል፤ ጎልቶ የሚታይ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥ ወይም መንገዳገድ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።