ጌጫ ላይ የሚሰነብት የጆሮ መሣሪያ

ጌጫ የሸካ ዞን አንድራቻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከቴፒ ወደ ማሻ የሚያልፍ መንገደኛ ያገኛታል፤ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ቡናና ማር፣ ኮረሪማና እንሰት የሞላበት አገር ነው። ዝናቡ በዓመቱ ብዙ ወራት ይዘንባል። ጆሮው የደከመ ሰው «የትኛውን የመስሚያ መሣሪያ ልግዛ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የአዲስ አበባው ሻጭ ስለ ዋጋና ስለ መጠኑ ይነግረዋል። ጌጫ ላይ ግን ጥያቄው ከዝናቡና ከመንገዱ ርቀት ጋር ነው የሚያያዘው።

ከመግዛት በፊት ጆሮው ይታይ። ሰው «ደነቆርኩ» ብሎ ሲጨነቅ ጆሮውን የዘጋው የደረቀ ኩክ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ እሱን በሐኪም ማስወጣት ነው እንጂ መሣሪያ ምን ይሠራለታል? ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው የሚመግል ሰው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በዚህ ጆሮ ላይ ቀዳዳውን የሚዘጋ መሣሪያ ሲገባ መግሉ ይብሳል። መጀመሪያ መታከም አለበት፤ አልደርቅ ካለም ድምፁን በአጥንት በኩል የሚያደርስ ሌላ ዓይነት መሣሪያ አለ። ታምቡሩ የተበሳ ጆሮ ውስጥ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ ማፍሰስ ደግሞ በጭራሽ አይገባም። ማጅራት ገትር ወይም እንደ ጄንታማይሲን ያለ መርፌ የውስጥ ጆሮን ከጎዳ ግን ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ መሣሪያው የሚያስፈልገው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ቀጥሎ ልኬታው ይመጣል። ታካሚው ጸጥ ባለ ክፍል ተቀምጦ ማዳመጫ ያደርጋል፤ ቀጭንም ወፍራምም ድምፅ በሰማ ቁጥር ምልክት ይሰጣል። ውጤቱ ኦዲዮግራም በሚባል ወረቀት ላይ ይሰፍራል። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ድምፅ መስማት የሚጀምረው ከ35 እስከ 50 ዴሲቤል ላይ የሆነ ሰው መካከለኛ ችግር አለበት፤ ከ80 በላይ ከሆነ እጅግ ከባድ ነው። ለሁለቱ አንድ መሣሪያ አይሆንም። ቃል እያስደገሙ የሚደረግ ምርመራም አለ። አፉን የፈታው በአካባቢው ቋንቋ፣ በሸኪ ኖኖ፣ የሆነ አዛውንት በአማርኛ ቃላት ሲፈተን የሚወድቀው ጆሮው ይሁን ቋንቋው አይለይም። መርማሪው ይህን ካላሰበበት ወረቀቱ ራሱ ያሳስታል።

ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ድምፅ ማጉያ ይህን ሁሉ አያውቅም። ሰውየው የሚሰማውንም የማይሰማውንም ድምፅ እኩል ያጎላል፤ የንግግሩ ጠርዝ እንደጠፋ ይቀራል፣ የበር መንኳኳት ግን ጆሮ ይበሳል። ትክክለኛው መሣሪያ በኦዲዮግራሙ ልክ የጎደለውን ብቻ ይሞላል። እሱም ቢሆን እንደ መነጽር አድርገውት ወዲያው የሚጠራ ነገር አይደለም። ቡና ተፈልቶ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ ቃል መለየት ለሳምንታት ያስቸግራል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚያወልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ቤተሰብ ፊት ለፊት እየተያየ፣ አንድ በአንድ ቢያናግረው ይለምደዋል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። ለጌጫ ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠለው ትልቁ ይሻላል። ጆሮ ውስጥ ገብቶ የማይታየው ቢያምርም እርጥበትና ኩክ ቶሎ ይገድለዋል፣ ባትሪውም ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ በእድሜ ለደከመ ጣትም አይመችም። የጆሮ ኋላው ድምፅ የሚያልፈው በቀጭን ላስቲክ ቱቦ ነው። ብርድና ላብ ሲገናኙ ቱቦው ውስጥ የውሃ ጠብታ ይቋጠራል፤ ያቺ ጠብታ ብቻዋን ድምፁን ትዘጋለች። ቱቦውን ነቅሎ በጎማ ፓምፕ እፍ ማለት ይበቃል። ይህን ያልተነገረው ሰው ግን «ተበላሸ» ብሎ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ማታ ማታ የባትሪውን በር ከፍቶ እርጥበት ከሚመጥ የሲሊካ ከረጢት ጋር በተዘጋ ዕቃ ማሳደር ነው።

የባትሪ ድንጋዩም ጠባይ አለው። 675 ቁጥር ሰማያዊ፣ 13 ቁጥር ብርቱካንማ ልጣፍ አላቸው። ልጣፉ ሲላጥ አየር ገብቶ መሥራት ይጀምራል፤ መልሶ ቢለጥፉት አይቆምም። ስለዚህ «ልሞክረው» ብሎ መላጥ ማባከን ነው። ለልጅ ደግሞ ጆሮው ስለሚያድግ ሞልዱ፣ ማለትም በጆሮው ልክ ተቀርጾ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ክፍል፣ በየጊዜው እንደገና ካልተቀረጸ ይላላና መሣሪያው ይጮኻል።

ሞልዱን የሚቀርጽ፣ ቱቦውን የሚቀይር፣ ባትሪ የሚሸጥ ሰው ግን የት አለ? ጉዳዩ ለዘመናት ያልተፈታው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ መሣሪያ ቢያደርጉ ከሚጠቀሙት ሰዎች መካከል የሚያደርጉት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ ስምምነቱ አጋዥ መሣሪያን በተመጣጣኝ ዋጋ ማቅረብን ይጨምራል። በዘመቻ መጥቶ መሣሪያ አድሎ የሚመለስ ቡድን ግን ይህን ግዴታ አያሟላም። ባትሪው ያለቀ ዕለት ስጦታውም ያልቃል።

መንገድ የለም ማለት አይደለም። ቦትስዋና ውስጥ፣ ኦትሴ በምትባል መንደር፣ ሶላር ኢር የተባለው ሥራ በፀሐይ የሚሞላ የመስሚያ ባትሪ ሲያመርት ሠራተኞቹ ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ስፔሻሊስት በሌለበት አገር የሠለጠነ ሌላ ባለሙያ አዋቂዎችን መርምሮ መሣሪያ መግጠም እንደሚችል አስቀምጧል።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ጤና ቢሮ ይህን መመሪያ ይዞ ሁለት ነርሶችን ቢያሠለጥን፣ አንድ መለኪያ ማሽን ቴፒ ላይ ቢያኖር፣ ባትሪውንም በመድኃኒት ግዢው ውስጥ ቢያስገባ የጌጫ ሰው አዲስ አበባ ድረስ አይንከራተትም። እስከዚያው ድረስ የሚገዙ ሁሉ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ሻጩን ይጠይቁ፦ ሲበላሽ ማን ይሠራልኛል፣ ባትሪውንስ ከየት አገኛለሁ? መልስ ከሌለው አይግዙ።