ሂላልን ለልጆቻችን እናሳይ

ሻዕባን 29 ሲመሽ በየቤቱ የሚጠየቀው አንድ ነው፤ «ጨረቃ ታየች?» መልሱን ከቴሌቪዥንና ከስልክ እንጠብቃለን። ልጆቻችን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ሰማይ ሳያዩ ረመዷንን ይቀበላሉ። ዜናው ከአገር አገር ሲለያይ ደግሞ «ጨረቃ አንድ አይደለችም እንዴ?» ይሉናል። ይህን ጥያቄ በዝምታ ካለፍነው፣ ልጁ ዲኑ መልስ የሌለው ይመስለዋል።

መልሱ ግን ከባድ አይደለም። ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም፤ የምናየው የፀሐይን ብርሃን ነው። ከፀሐይ ጋር በአንድ አቅጣጫ ስትሆን ትሰወራለች። እንደገና እዚያው እስክትመለስ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይፈጅባታል። ወሩ አንዴ 29፣ አንዴ 30 የሚሆነው ለዚህ ነው። ከተሰወረች 15 ሰዓት ያልሞላትን ሂላል በባዶ ዓይን ማየት እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ በምሥራቅ አገሮች ያልታየችው ጨረቃ፣ ፀሐይ ዘግይታ በምትጠልቅባቸው የምዕራብ አገሮች በዚያው ምሽት ልትታይ ትችላለች። በየትኛው እንጹም የሚለው የፊቅህ ጉዳይ ነውና ለዑለሞቻችን እንተወው። የሰማዩን ሥርዓት ማወቅ ግን የሁላችንም ድርሻ ነው።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ግርዶሹን ከሞቱ ጋር አያያዙት። እርሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት እንደማይጋረዱ አስተምረው ወደ ሶላት ጠሩ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም በደማስቆው የኡመያድ መስጂድ የሶላት ወቅት ጠባቂ የነበሩት ኢብኑ ሻጢር ስመ ጥር የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበሩ።

በአገራችን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከተመሠረተበት ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ዕውቀት ወደ ሕዝብ ለማድረስ ሲሠራ ቆይቷል። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታዊው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ሲታይ ብዙ ወጣት ስለ ሰማይ ጠይቋል። መድረሳዎቻችን ባለሙያ ጋብዘው ልጆችን ቢያስተምሩ፣ ቁርኣን ከሚያስቀሩት ኡስታዞች ጎን ሌላ አስተማሪ አገኙ ማለት ነው።

በቤትም መጀመር ይቻላል። ካፈጠራችሁ በኋላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሂላልን በምዕራብ ፈልጉ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ለኩ፤ ጨረቃ ከጭብጥ ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ወደ ምሥራቅ ሸሽታ ታገኟታላችሁ። በወሩ አጋማሽ፣ መግሪብ አካባቢ፣ ሞልታ ከምሥራቅ ስትወጣ ታያላችሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ፀሐይ ፈጽማ ሳትጠልቅ ቴሌስኮፕም ሆነ አቅርቦ ማሳያ መነጽር ወደዚያ አታዙሩ፤ ዓይን ያጠፋል።

እንዲህ አንድ ወር የተከታተለ ልጅ፣ በረመዷን 29 ምሽት የሸዋልን ሂላል የት እንደሚፈልግ ያውቃል። አላህ ጾማችንን ይቀበለን።