የቤተሰብ ፎቶግራፎችን በስካነር ማቆየት

በየቤታችን አልበም ውስጥ የሚገኙ ፎቶግራፎች ዕድሜያቸው እኩል አይደለም። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ምስሉን የሚሠሩት በጄላቲን ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የብር ቅንጣቶች ናቸው፤ በአግባቡ ታጥቦ ከታተመና ከእርጥበት ከተጠበቀ ረጅም ዘመን ይቆያል። የባለቀለም ፎቶግራፍ ማቅለሚያዎች ግን በብርሃንና በሙቀት ይበልጥ ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ፎቶግራፎችን ወደ ዲጂታል የመገልበጡ ሥራ ከባለቀለሞቹ ቢጀመር ይመረጣል።

ስካነር ፎቶግራፉን መስመር በመስመር እያበራ የተንጸባረቀውን ብርሃን ወደ ቁጥር ይለውጣል። ለቤት አገልግሎት የሚውሉት በሁለት ይከፈላሉ። ሲአይኤስ የተባለው ቀጭንና ርካሽ ሲሆን ከመስታወቱ ጥቂት ከፍ ያለውን ነገር አጥርቶ አያነሣም። በሌንስና በመስታወቶች የሚሠራው ሲሲዲ ግን ለተጣመመ ወይም ከክፈፉ መስታወት ጋር ለተጣበቀ ፎቶግራፍ ይሻላል። የተጣበቀውን ለማላቀቅ መሞከር ምስሉን ስለሚገሽልጥ ከነመስታወቱ ስካን ማድረግ ይበጃል።

በሚገዙበት ጊዜ የሚታየው ቁጥር የኦፕቲካል ጥራት ይሁን፤ በሶፍትዌር የተጋነነው ቁጥር አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ ፎቶግራፍ በ600 ዲፒአይ ሲነበብ ወደ 8.4 ሚሊዮን ፒክሰል ይሰጣል፤ ይህም በ24 ቢት ቀለም ሳይታመቅ ወደ 25 ሜጋባይት ይይዛል። በዚሁ መጠን የሚነበብ 24 በ36 ሚሊሜትር ኔጌቲቭ ግን ግማሽ ሚሊዮን ፒክሰል እንኳ አይሞላም። ስለሆነም ለኔጌቲቭ 2400 ዲፒአይና ከላይ የሚያበራ ክዳን ያስፈልጋል።

አንዳንድ ስካነሮች አቧራንና ጭረትን በኢንፍራሬድ ጨረር ለይተው ያጠፋሉ። ይህ ዘዴ ለተለመደው የጥቁርና ነጭ ኔጌቲቭ አይሆንም፤ የብር ቅንጣቶቹም እንደ አቧራው ጨረሩን ስለሚጋርዱ መሣሪያው ምስሉን ራሱን እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል።

ከሥራው በፊት አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሣት፣ የስካነሩንም መስታወት በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ መወልወል ይገባል። ዋናውን ቅጂ በቲፍ፣ ለዘመድ የሚላከውን በጄፔግ ማስቀመጥ፣ አንድ ተጨማሪ ቅጂም በሌላ ቤት ማኖር መልካም ነው።

የፎቶግራፉ ጀርባም ስካን ይደረግ፤ ስምና ቀን የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በዚያ ነውና። ኮምፒውተሩ በፋይሉ ላይ የሚያሰፍረው ስካን የተደረገበትን ቀን ነው። የእኛ አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይ፣ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በፋይሉ ስም ላይ መግለጽ ያሻል። ስም ያልተጻፈባቸውን ደግሞ አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ ጠይቀን እንመዝግብ። ስካነር የደበዘዘውን ፊት ሊያቆይልን ይችላል፤ ያ ፊት የማን እንደሆነ ግን ሊነግረን አይችልም።