ያለቀ የፍሬን ዲስክ ለምን ይለወጣል?

የፍሬን ሥራ በፊዚክስ ዓይን ሲታይ የእንቅስቃሴን ኃይል ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ጎልድ ዊንግ የተባለው የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት ከፊት ሁለት፥ ከኋላ አንድ የፍሬን ዲስክ ነበረው። እንዲህ ያለው ሞተር ብስክሌት ሁለት ሰውና ጓዝ ጭኖ 480 ኪሎ ቢመዝንና በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በፍሬን ቢቆም፥ 150,000 ጁል የሚያህል ኃይል አብዛኛው በዲስኮቹ ላይ ሙቀት ይሆናል።

እንግዲህ የዲስኮቹ ውፍረት ለምሳሌ ከ5 ሚሊሜትር ወደ 4 ቢወርድ፥ ሙቀቱን የሚቀበለው ብረት በአንድ አምስተኛ ስለሚያንስ ግለቱ በአንድ አራተኛ ገደማ ይጨምራል። በረጅም ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ዘይት ሊፈላ ይችላል፤ የፈላው ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎቱም ሲጫኑት ስለሚታመቅ ፍሬኑ እምቢ ይላል።

ስለዚህ ውፍረቱን በማይክሮሜትር በልዩ ልዩ ቦታ ለክቶ፥ በዲስኩ ላይ ከተቀረጸው የመጨረሻ ልክ ጋር ማስተያየት ይገባል። ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ ይለወጣል እንጂ አይጠገንም። አዲሱ ሲገጠም መቀመጫው ከዝገት ይጸዳል፤ ብሎኖቹ ፊት ለፊት ያሉት በየተራ፥ በፋብሪካው በታዘዘው ልክ ይጠብቃሉ፤ የፍሬኑም ሸራ አብሮ ይለወጣል። ከመነሣት በፊት የፍሬኑን እጀታ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ መጨበጥ፥ ሸራውና ዲስኩ እስኪላመዱም ድረስ ፍሬኑን በለዘብታ መያዝ ያስፈልጋል።