የድምፅ ማጉያው ሣጥን ስንት ያወጣል?

በላይ ጋይንት ደጋ ያለች አንዲት የገጠር አጥቢያ፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ ልጆቿ አዋጥተው የላኩላት ድምፅ ማጉያ ነበራት። ዕቃው ከአውቶቡስ ጣራ ሲወርድ ወደቀና ሁለቱም የቺፑድ ሣጥኖች ተሰነጣጠቁ፤ በውስጣቸው ያሉት ድምፅ አውጪዎች ግን እንደ ተአምር ዳኑ። ሰበካ ጉባኤውም ተሰብስቦ፣ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ሣጥኑን ባገር ጠራቢ ማሠራት ይሻላል ሲል ወሰነ። «ሣጥን አይደለምን? ስንት ያወጣ ይሆን?» ያለው ብዙ ነበር። እኛም ጥያቄውን ይዘን ብንከታተለው፣ መልሱ እንዳሰብነው አጭር ሆኖ አላገኘነውም።

የእንጨት ዋጋ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ፣ በብር ቆርጦ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው። ወጪው ከምን ከምን እንደሚመጣ ማወቅ ግን ለማንም አጥቢያ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ፣ ሣጥኑ የዕቃ ማስቀመጫ ብቻ አለመሆኑን መረዳት ያሻል። የድምፅ አውጪው ክብ ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያምቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለውን አየር ያሳሳል። ሁለቱ ቢገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋልና ወፍራሙ ድምፅ ይሞታል፤ የሚቀረው ቀጭን ጩኸት ነው። ሣጥኑ የፊቱን ከኋላው ይለያል። አንዳንዱ ሣጥን በልክ ታስቦ የተከፈተ ቀዳዳ አለው፤ ሳይታሰብ የመጣ ስንጥቅ ግን አየሩን እያሾለከ ድምፁን ያበላሻል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። ከበሮ የሚሠራው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው፤ መጋጠሚያ የለውምና ስንጥቅ እንዳይገባው የሚፈራው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ እንጨቱ ሳይደርቅ የተፈለፈለ እንደ ሆነ። ሰፊውና ጠባቡ አፉ በቆዳ ይወጠራል፤ ቆዳውንም ጠፍር አጥብቆ ይይዘዋል። ሊቃውንቱ ጠፍሩን የጌታችን የግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ ነው እያሉ ይተረጉሙታል። ሜትር ሳይዝ ከበሮ የሚፈለፍል ሰው ድምፅ በእንጨት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ያውቃል፤ ይህን ዕውቀቱን ግን ማንም ስለ ድምፅ ማጉያ አይጠይቀውም።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ። የተሰበሩት ሣጥኖች ቁመታቸው 75፣ ወርዳቸው 48፣ ጥልቀታቸው 42 ሳንቲ ሜትር ነበር። በ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ሲሠሩ የያንዳንዳቸው ሆድ 120 ሊትር ያህል አየር ይይዛል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስድስት ማለት ነው። መጋጠሚያው ተቀንሶ ለአንዱ ሣጥን 16,400 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ለሁለቱ 32,800 ያስፈልጋል። 122 በ244 የሆነው አንድ ሉሕ ኮምፔርሳቶ ግን 29,768 ብቻ ነው። ስለዚህ ለጥቂት ጉድለት ሲባል ሁለተኛ ሉሕ መግዛት ግድ ይሆናል! ገንዘብ ያዥው ይህን ሲሰማ፣ «ታዲያ ሣጥኑን ትንሽ አሳንሱት» አለ። ሆዱ ሲያንስ ግን ወፍራሙ ድምፅም አብሮ ያንሳል።

ወጪውን ለመቀነስ ሲባል ባገሩ የሞላው ባሕር ዛፍ ተሞከረ። ጠራቢው የእስቴ ሰው ነው፤ ሣንቃው እርጥብ መሆኑን ተናግሮ ነበር፤ በዓሉ ደርሷልና ፍጠን አሉት። በሁለት ወር ውስጥ የበጋው ፀሐይ ሣንቃውን አጣመመው፤ መጋጠሚያው ተከፈተ፤ በከበሮ ያልደረሰው ስንጥቅ በዚህ ደረሰ። የመጀመሪያው የእጅ ዋጋ፣ ኮላውና ቡሎኑ ሁሉ ከሰረ። ከመበለቶች ሳይቀር የተዋጣ ገንዘብ ነበርና ጉባኤው ውስጥ ከባድ ቃል ተነገረ። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የጠራቢው አይደለም፤ ለእንጨት መድረቂያ ቀን ያልሰጠ አሠሪ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

በዚህ ጊዜ አንዱ ምእመን ተነሥቶ፣

«የኔታ፣ በቅጥራችን የቆመው ዋንዛ ቢቆረጥስ?» አለ።

መሪጌታውም፣ «ልጄ፣ እኔ ስማር ከጥላው ተቀምጬ ነው። ለጩኸት ብዬ አላስቆርጠውም» ብለው መለሱ።

ዋንዛ በርግጥ መልካም እንጨት ነው፤ ለመላጊያ ይታዘዛል፤ ከደረቀም በኋላ እምብዛም አይጣመም። ነገር ግን በደቡብ ጎንደር የጥንቱ ደን ተመናምኖ የቀረው ባብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በመንግሥት ደን ውስጥ እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች ቈጥሮት ነበር። የዚያ ዛፍ ዋጋ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም።

በመጨረሻ ሁለቱ ሉሕ ኮምፔርሳቶ ከደብረ ታቦር መጣ። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ ሸክሙን እስከ ነፋስ መውጫ አቀለለው፤ ከዚያ ወዲያ ግን የአህያ ኪራይ ተጨመረ። የሣጥኑን ሆድ ለመልበድ፣ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ እንዳይደናገር፣ ለስላሳ ነገር ያስፈልጋል፤ ይህን እንኳ ደጋው አላሳጣም። ሴቶቹ ለባና ከሚፈትሉት የበግ ጠጉር ታጥቦና ደርቆ መጣ። ከወጪው ሁሉ ያለ ዋጋ የተገኘው ይህ ብቻ ነው፤ ብል እንዳይበላው ግን በየጊዜው መመልከት ያሻል።

መሪጌታው ግን ገና አንድ ሥጋት ነበራቸው። ጋይንት የድጓ ምስክር የሆነችው የቤተ ልሔም አገር ናት፤ ከስማዳም ከእስቴም ልጆች ለዜማ ይመጣሉ፤ ዜማውንም በጆሯቸው ከመምህራቸው አፍ ይቀበላሉ። ማጉያው ሲጮኽ የጉባኤ ቤቱ ልጅ የመምህሩን ቃል አይሰማም። ስለዚህ ሣጥኖቹ ፊታቸውን ከጉባኤ ቤቱ አዙረው እንዲቆሙ፣ በትምህርት ሰዓትም እንዳይከፈቱ ጉባኤው ተስማማ። ይህም ያለ ገንዘብ የተፈጸመ ነው።

ከሁለተኛው ሉሕ የተረፈውን ጠራቢው ሊወስደው ጠይቆ ነበር፤ ልማዱም እንደዚያ ነው። ያን የከሰረ የእጅ ዋጋውን አስበው ሊሰጡት ሲሉ፣ እርሱ ራሱ፣ «የኔታ፣ እኔስ አትሮንስ ልሥራበት» አለ። አሁን ሦስት አትሮንሶች በጉባኤ ቤቱ ቆመዋል።