አንጀት ሲጠራ «አቤት» እንበል

ቁርሱን ቀማምሶ፣ ቡናውን ፉት ብሎ ከቤት የወጣ ሰው ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ እያለ ሆዱ ይጠራዋል። እንዳይመለስ ተራው ያልፈዋል፤ በአካባቢው መጸዳጃ የለም፤ ቢኖርም የሚገባበት አይደለም። ስለዚህ ጥርሱን ነክሶ ይይዘዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስሜቱ ይጠፋል፤ እሱም ተገላገልኩ ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሳምንቱም እንዲሁ። ውሎ አድሮ ይኸው ሰው ፋርማሲ መስኮት ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለድርቀት የሚሆን ነገር አለ?» ይላል።

ስለ ሆድ ድርቀት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ወደ ምግብ ያደላል። ምግብ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። እኔ ግን አስቀድመን መነጋገር ያለብን ስለዚያ ሳይመለስ ስለቀረ ጥሪ ነው እላለሁ።

ነገሩ የውሃ ነገር ነው። የምንበላውና የምንጠጣው፣ ሰውነት ራሱ ከሚያመነጨው ምራቅ፣ ሐሞትና የጨጓራ ፈሳሽ ጋር ተደምሮ በቀን 9 ሊትር ገደማ ወደ አንጀት ይገባል። አብዛኛውን ቀጭኑ አንጀት ይመጠዋል። ትልቁ አንጀት የሚደርሰው ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው፤ እሱም በተራው እየመጠጠ ወደ ደም ይመልሰዋል። ከሰገራ ጋር የሚወጣው ውሃ ከሩብ ሊትር ያነሰ ነው። ታዲያ ይህ አንጀት ሰገራው እጁ ላይ እስካለ ድረስ መምጠጡን አያቆምም። በቆየ ቁጥር ይደርቃል፤ በደረቀ ቁጥር ያማል፤ ባመመ ቁጥር ሰውየው መጸዳጃ ቤት መግባት ይፈራል፤ በፈራ ቁጥር ደግሞ ይቆያል።

ጥሪውስ ከየት ይመጣል? ምግብ ገብቶ ጨጓራ ሲለጠጥ ለትልቁ አንጀት «ቦታ ልቀቅ» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ አንጀቱም ተኮማትሮ የያዘውን ወደ መውጫው ይገፋል። ይህ ምላሽ ከእንቅልፍ ነቅተን ቁርስ ስንበላ ይበረታል። ቡናም አንዳንድ ሰው ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ካፌይኑ የወጣለት ቡና እንኳ ይህን ማድረጉ በምርምር ታይቷል። ስለዚህ ከቁርስ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት ለአንጀት ውድ ጊዜ ናት። በጾም ወቅት የመጀመሪያው ማዕድ ወደ ከሰዓት ሲዞር ይህች ጊዜ አብራው ልትዞር ስለምትችል፣ ጿሚው ከምሳው በኋላ ፋታ ቢያገኝ መልካም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ አንድ ጥናት ጉዳዩን በግልጽ አሳይቷል። 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለአንድ ሳምንት ያህል ሲመጣባቸው እንዲይዙ ተደረገ። መጸዳጃ የሚገቡበት ጊዜ አነሰ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚገርመው፣ ከመውጫው ርቆ በሚገኘው የትልቁ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ሳይቀር ጉዞው መዘግየቱ ነው። መውጫውን የዘጋ ሰው መንገዱን በሙሉ ያዘገያል ማለት ነው። ድርቀት የሚለመድ ነገር ነው፤ እንደማምነው የሚለመድ ነገር ደግሞ ሊረሳም ይችላል።

አቀማመጥም ቀላል ነገር አይደለም። ፊንጢጣ አካባቢ ሰገራ እንዳያመልጥ አንጀቱን እንደ ማሰሪያ ወደ ፊት ጎትቶ የሚያጥፍ ጡንቻ አለ። ቁጢጥ ስንል ይላላና መንገዱ ይቃናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በእስራኤል በ28 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት በአማካይ 51 ሰከንድ ሲፈጅ ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ 130 ሰከንድ እንደፈጀ አሳይቷል። ወላጆቻችን ያለ አስተማሪ ያውቁት ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መቀመጫ ላይ የሚያምጥ ሰው እግሩ ሥር አጭር በርጩማ አስገብቶ ጉልበቱን ከዳሌው ከፍ ቢያደርግና ወደ ፊት ጎንበስ ቢል ተመሳሳይ እገዛ ያገኛል።

አሁን ወደ ምግቡ። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር እንዲያገኝ ይመክራል። ፋይበር ወይም አሰር የምንለው ቀጭኑ አንጀት የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል ነው፤ ውሃ ይዞ ሰገራውን ያለሰልሳል፣ ያገዝፋል። እኛ በዚህ ረገድ ድሆች አይደለንም። ጤፍ ከማነሷ የተነሳ ሽፋኗ ሳይለይ አብራ ትፈጫለች። ምስር፣ ሽሮ፣ ንፍሮ፣ ጎመን፣ ቆሎ ሁሉም አሰር አላቸው። ተልባን ውሃ ውስጥ ስንበጠብጠው የሚወጣው ዝልግልግ ነገር ራሱ ውሃ ያቀፈ አሰር ነው። ችግሩ የሚመጣው እንጀራው በሩዝና በነጭ ዱቄት ሲተካ፣ ቁርሱ ነጭ ዳቦና ሻይ ብቻ ሲሆን ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል። ብቻ አሰሩን በአንድ ጊዜ አታብዙት፤ ሆድ ይነፋል። ቀስ በቀስ፣ ውሃ እየጨመሩ ነው። ውሃ የሌለው ተልባ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ጫት የሚቅም ሰው የድርቀቱን ምክንያት ሌላ ቦታ አይፈልግ። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረን እንክብል፣ እንደ ኮዴይንና ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ያደርቃሉ፤ መድኃኒቱን በራስ አቁሞ ሳይሆን ሐኪሙን አማክሮ ነው መፍትሔ የሚገኘው። ከሚያስቀምጡት ውስጥ ሰናመኪ ለአንድ ሰሞን ይረዳል፤ የየቀኑ ልማድ እንዲሆን ግን አልመክርም።

በየቀኑ አለመጸዳዳት በራሱ በሽታ አይደለም። ከቀን 3 ጊዜ እስከ ሳምንት 3 ጊዜ ጤነኛ ሰው ላይ ይታያል። ነገር ግን ደም ከታየ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ሆድ ተነፍቶ ማስታወክ ከመጣ፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ የአንጀት ልማድ በድንገት ከተቀየረ ኪንታሮት ነው ብሎ መተው አይገባም። ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስቡኝ ልጆች ናቸው። የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ስለሚሸት፣ በሩ ስለማይዘጋ ወይም ፈቃድ መጠየቅ ስለሚያፍሩ እስከ ማታ ይይዛሉ። አንዴ ካመማቸው ደግሞ እየፈሩ ይይዛሉ። ወላጅ ሆይ፣ ልጅዎን በጠዋት አሥር ደቂቃ ቀደም ብለው ይቀስቅሱት፤ ቁርሱን በልቶ ሳይጣደፍ ይቀመጥ። መምህር ሆይ፣ ተማሪው እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ልውጣ?» ሲልዎ፣ እባክዎ ይፍቀዱለት።